የሰንሰለት ሰባት ሳጥን

በአቃቂ፣ ሰንሰለት ሰባት በሚባለው ሰፈር፣ ሰው ጠዋት ሲነሣ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ገንዳውን ይከፍታል። ክዳኑን አንሥቶ፣ አፍንጫውን በእጅጌው ሸፍኖ፣ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ የተሰቀለውን የመዳብ ቅጠል ያያል። ትናንት ስስ የነበረው ቅጠል ዛሬ ትንሽ ወፍሯል፤ ነገም ትንሽ ይወፍራል። አሥራ አራት ቀን ሲሞላው ከውሃው ይወጣና ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ሚዛን ቤት ይሄዳል፤ በቦታው ሌላ ስስ ቅጠል ይሰቀላል። ልጅ የተወለደበትም ሰው የሞተበትም ቤት ይህንኑ ያደርጋል። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንኳ «እግዜር ያጥናችሁ» ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ቅጠሉን የሚያይላችሁ አለ?» ቢል እንደ ደግነት እንጂ እንደ ነውር አይቆጠርበትም።

ከውጭ መዳብ መግባት ካቆመ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። የቀረው በየግድግዳው ውስጥ የተረሳ ሽቦ፣ በየቆሻሻ ክምሩ ሥር የተቀበረ ሞተር ነው። ይህ ሁሉ ይለቀማል፣ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጥፍጥፍ ሆኖ ለየቤቱ ይታደላል። ጥፍጥፉ ገንዳው ውስጥ በአንድ በኩል ይሰቀላል፤ ቅጠሉ በሌላ በኩል። ኮረንቲ ሲያልፍባቸው ጥፍጥፉ ይከሳል፣ ቅጠሉ ይወፍራል፣ ቆሻሻው አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ንጹሕ መዳብ የሚያስረክብ ሰፈር መብራት ያገኛል። ያላስረከበ ሰፈር ለአንድ ዙር ይጨልማል። ይህ ሕግ ሲወጣ የጮኸ ሰው ነበር፤ አሁን ግን የሚያስታውሰው የለም።

አሥር ቤት አንድ ሰንሰለት ነው። ከአንዱ ቤት ገንዳ የወጣ ወፍራም ሽቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጎረቤት ገንዳ ይገባል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው፤ እንዲህ እያለ አሥረኛው ቤት ደርሶ ይመለሳል። በመጀመሪያው ቤት ያለፈው ኮረንቲ ሳይጨምር ሳይቀንስ በመጨረሻውም ያልፋል። ስለዚህ የሁሉም ቅጠል ክብደት እኩል ነው፤ ተንኮለኛም ይሁን ጻድቅ፣ ማንም ከማንም አይበልጥም። የሚለያየው ፊቱ ብቻ ነው። የአንዱ ልስልስ ብሎ ሲወጣ የሌላው ኪንታሮት እንደ ወረረው እጅ ተጓጉሎ ይወጣል። ክብደቱ እኩል የሆነበት ሕዝብ ሌላ ምን ምርጫ አለው? በቀረችለት በዚያችው በፊቱ ይቀናናል።

ኮረንቲው የሚነሣው ከአንድ ሳጥን ነው። ሳጥኑ የጫማ ካርቶን ግማሽ ያህላል፤ ድሮ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የነበረ ፓወር ሰፕላይ ነው። ያመጣችው ሶሊያና ናት። ሶሊያና ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስሟ አሁን የአሮጊት ስም ሆኗል፣ ወጣቶቹ ትርንጎና ተድባበ ነው የሚባሉት። የኮምፒውተር መምህርት ነበረች። ትምህርት ቤቱ ሠላሳ ኮምፒውተሮቹን በአንድ ቀን ሲያስጥል እሷ አንዱን ፈታ ሳጥኑን በፌስታል ይዛ ወጣች። በኋላ ሰንሰለቶቹ ሲመሠረቱና ሰፈሩ በሞተ ባትሪ ሲንገላታ፣ ሶሊያና ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ከሽቦዎቹ መካከል አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር አገናኘች፣ ማራገቢያው ዞረ። ብርቱካናማዎቹን አንድ ላይ ጠምዝዛ «ከዚህ ውሰዱ» አለች። ሦስት ነጥብ ሦስት ቮልት ነበር፤ ለአሥር ገንዳ ልክክ ያለ። ያን ቀን የተባለላት እልልታ እስካሁን ከጆሮዋ አልወጣም።

እነሆ አሥራ ስድስት ዓመት ሳጥኑ ሳሎኗ ውስጥ፣ ዳንቴል ተነጥፎለት፣ ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ባለ መርፌ የአምፔር መለኪያ አለ። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት በሩ ላይ ብቅ ይልና «እንዴት አደሩ እትዬ ሶሊያና፣ መርፌው?» ይላል። እሷም ከወንበሯ ሳትነሣ «አሥራ ሁለት ላይ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ዘጠኙ ቤት እንዲህ ጠይቋት ነው ወደ ሥራው የሚሄደው። ሳጥኑ ባይኖር ጉልበቷን የሚያማት ጡረታ የወጣች ሴት መሆኗን ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች።

ሳጥኑ በማን ቤት እንደሚቀመጥ ሕግ አለው። ሦስት ዙር በተከታታይ ከሁሉ ይልቅ ፊቱ ያማረ ቅጠል ያወጣ ቤት ይይዘዋል። ሕጉን ያረቀቀችው ራሷ ሶሊያና ናት፤ ያኔ የሚስተካከላት አልነበረምና ማርቀቁ ቀላል ነበር።

ከሰባት ወር በፊት ትርንጎ መጣች። ውሃው ከደረቀበት የቆላ ከተማ የተፈናቀለች፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ባዶ የነበረው አሥረኛው ቤት ተሰጣት። በሰንሰለቱ ልማድ ለአዲስ ገቢ የመጀመሪያውን ቅጠል የሚሰጠው ሳጥኑን የያዘው ሰው ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት እርሾ እንደሚሰጠው። ሶሊያና ከራሷ ቅጠል ላይ ስሱን ልጣ በሁለት እጇ ሰጠቻትና «ይወፍርልሽ» አለቻት። ትርንጎም ጎንበስ ብላ «በርስዎ እጅ» አለች። ያን ዕለት ሶሊያና ልጅቱን ወደደቻት። ለስድስት ወርም ወደደቻት፤ የትርንጎ ቅጠል ተጓጉሎ በወጣበት ጊዜ ሁሉ።

ከዚያ አንድ ዙር ላይ የትርንጎ ቅጠል አማረ። በሚቀጥለውም አማረ፤ እንዲያውም ከመጠን አለፈ። የሶሊያና ባል ባሮክ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ የአሥሩን ቤት ቅጠል በጋሪ ገፍቶ ሚዛን ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። በዚያ ሁለተኛ ዙር ከሚዛን ቤት ሲመለስ ገና በሩን ሳይዘጋ ጀመረ።

«የዚያችን ልጅ ቅጠል ብታዪው» አለ። «ፊቴን አየሁበት። ጢሜን ሳልላጭ መውጣቴን እኮ ያወቅሁት በሷ ቅጠል ነው።»

«የኔስ?» አለች ሶሊያና።

«ያንቺማ ያው ነው፤ ጥሩ ነው።»

ያው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ቅጠሏን በጨርቅ ጠቅልሎ ተሸክሟል፤ አንድ ቀን ፊቱን አይቶበት አያውቅም። ሶሊያና ሳህኖቹን ከሚገባው በላይ አንኳኳች። በማግስቱ ባሮክ ጢሙን ተላጨ። ለወትሮው ለበዓል እንጂ ለሌላ የማይላጭ ሰው ነው። መላጫው ጉንጩ ላይ ሲሄድ እየሰማች ሶሊያና አንጀቷ አረረ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈለገችለትም። በዚህ ዕድሜዋ ተንኮል የማታውቅ ልጅ ላይ መቅናቷ አሳፈራት፤ ማፈሯ ደግሞ ቅናቱን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ነገሩ ከዚያ ወዲያ በሁሉ ነገር ውስጥ ገባ። ጎረቤቶቹ በበሩ ብቅ ብለው «መርፌው?» ይሉና፣ እሷ «አሥራ ሁለት» ስትል፣ «የትርንጎን ቅጠል አዩት?» ብለው ይጨምራሉ። ባለ አምስተኛው ቤት ማክቤል፣ በሙሉ ዕድሜው ከራሱ ገንዳ ሌላ ምንም አጥርቶ የማያውቅ ሰው፣ «ሳጥኑ ወደ ታች ሊወርድ ነው መሰለኝ» ብሎ በፊቷ ሳቀ። ቀልዱን ነው። ሶሊያናም ሳቀች። ከዚያ ገብታ ዳንቴሉን አስተካከለች፤ ዳንቴሉ ግን አልተዛነፈም ነበር።

ሦስተኛው ዙር በተጀመረ በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ፣ ሽቦ ላይ ጥንቅቅ ያለ ምርመራ ማድረግ እንዳለባት ትዝ አላት። ስምንት ቤት ዘላ አሥረኛው ጋ ሄደች። ትርንጎ ገንዳዋን ከፍታ ጎንበስ ብላ ነበር። በእጇ የመስታወት ብልቃጥ ይዛለች፤ ውስጡ እንደ ረጋ የሥጋ መረቅ ያለ ቡናማ ነገር አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሶሊያና። ሰላምታውን ረሳችው።

«ሙጫ ነው እትዬ» አለች ትርንጎ፣ ሳትደነግጥ። «የቆዳ ሙጫ። አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር፤ የቆዳ ቁርጥራጭ ቀቅሎ ሲሠራው እያየሁ ነው ያደግሁት። አንድ ወር ሆነኝ እዚህ ውስጥ ጠብ ማድረግ ከጀመርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ቅጠሉን ያለሰልሰዋል።»

«ሙጫ ገንዳ ውስጥ?»

«አዎ። ለሙሉ ገንዳ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። በሙቅ ውሃ አሟሙቶ ነው።» ትርንጎ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሌላ ባዶ ፈለገች። «ቆይ ልስጥዎ። እንዲያውም ላመጣልዎ አስቤ ነበር፣ ማስተማር ይመስልብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ያቺን ቅጠል የሰጡኝ እርስዎ አይደሉ?»

ግማሹን ገልብጣ ሰጠቻት። ሶሊያና ብልቃጡን በነጠላዋ ሥር ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ ረዘመባት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ዝም ብሎ ይሰጣል? ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ሳጥኑ ሊወርድ አንድ ስንዝር ሲቀረው? እሷ ራሷ ብትሆን ትሰጥ ነበር? አትሰጥም። ይህን መልስ ለራሷ ስትሰጥ እንኳ አላፈረችም፤ ጥርጣሬዋን በትርንጎ ላይ አዞረችው እንጂ። ልጅቱ ሙጫውን ሰጥታ ልኩን ደብቃለች። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች አለች፤ ያ ሁሉ ገንዳ፣ ያ ሁሉ ውሃ፣ በጥፍር። የሚለሰልሰው በሌላ ልክ ነው። ደግ መስላ ልታታልላት ነው።

ቤት ስትደርስ ባሮክ አልነበረም። ሶሊያና ውሃ አሙቃ ሲኒ ሙሉ ሙጫ አሟሟችበት። ሲኒው ሲሞላ እጇ ትንሽ አመነታ፤ መምህርት የነበረችው ሶሊያና «ተይ» ብላት ነበር። ቀናተኛዋ ግን ቀደመችና ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው።

በሦስተኛው ቀን መርፌው አሥር ላይ ወረደ።

የመጀመሪያው ጎረቤት በበሩ ብቅ ሲል «አሥራ ሁለት» ልትል አፏን ከፈተች። ግን መርፌው ከሰውየው ፊት ለፊት ነው። «አሥር» አለች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰንሰለቱ በሙሉ ደጇ ላይ ቆመ። ኮረንቲ ከሳሳ ቅጠል ይሳሳል፤ የአሥሩም ቤት እኩል ይሳሳል። ቅጠል ከልኩ በታች ከወጣ ጨለማ ነው። ባለፈው ዓመት ሰንሰለት አራት አንድ ዙር ሙሉ በጨለማ ከርሞ፣ ሰዎቹ ስልካቸውን ይዘው በየሰው በር ሲለምኑ ታይተዋል።

እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው። አንዱ ገንዳ ታሟል፤ የታመመው ይፈለጋል። ቴስተር ያላት ሶሊያና ብቻ ናት። በየቤቱ እየገባች የገንዳውን ቮልት ትለካለች፤ ከሌላው በልጦ የተገኘው እሱ ነው ኮረንቲውን የሚበላው። ያ ገንዳ ይዘለላል፤ ከግራ ሽቦው ወደ ቀኝ ሽቦው ሌላ ወፍራም ሽቦ ይጋደምና ኮረንቲው በላዩ አልፎ ይሄዳል። የተዘለለ ቤት በዚያ ዙር ቅጠል አያቀርብም። የቆጠረው ዙር ካለም ይሰረዝና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ይህንንም ያረቀቀችው ሶሊያና ናት።

«ቆዩ፣ ቴስተሩን ላምጣ» ብላ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። የራሷን ገንዳ መጀመሪያ ለካች። ዜሮ ነጥብ ሰባት ስምንት።

ቴስተሩን ይዛ ቆመች። ሌላው ቤት ስንት እንደሚሆን ሳትለካ አወቀችው፤ ሒሳቡ የሚያስቸግር አልነበረም። የታመመው ገንዳ የሷ ነው። መታመሙን አሁን ወጥታ ብትናገር የሚደርስባት ብዙ አይደለም፤ አንድ ዙር ትዘለላለች፣ ሰው ያዝንላታል፣ ምናልባት ይስቅባታል። ሳጥኑ ግን ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ዘጠኝ ቤት በትርንጎ በር ብቅ ይላል። ባሮክም ይላል። ጢሙን ተላጭቶ።

በሩን ከፍታ ወጣች። የመጀመሪያው ቤት የሷ ነው፤ ቁጥሩን የጠየቃት የለም። ከሁለተኛው ቤት ጀመረች፤ ሰዉ ተከተላት። ዜሮ ነጥብ ሁለት ስምንት። ሦስተኛውም ሁለት ስምንት። ማክቤል ቤት ሁለት ስምንት ሲባል ሰውየው ደረቱን ነፋ። ዘጠነኛው ድረስ እንዲሁ ሆነ። አሥረኛው ቤት ሲደርሱ ሰዉ ከግቢው ቀረና ሶሊያና ከትርንጎ ጋር ብቻ ገባች። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በገንዳው ሽቦዎች ላይ አሳረፈች። ዜሮ ነጥብ ሁለት ስምንት። የቴስተሩን መስታወት ወደ ራሷ አዘነበለችው።

«ሰባት ስምንት» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ እሷንም ገረማት።

ትርንጎ የት እንደምታይ ሶሊያና አላየችም፤ ማየትም አልፈለገችም።

«እሺ እትዬ» አለች ትርንጎ። ጓንቷን አጥልቃ፣ ገና ያልወፈረውን ቅጠሏን ከውሃው አወጣች፣ አጠበችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው። ሽቦውን ለማጋደም ሶሊያና ጉልበቷ እምቢ ሲላት፣ ጎንበስ ብላ የያዘችላት ራሷ ትርንጎ ናት።

ተመልሰው ሳሎን ሲገቡ መርፌው አሥራ አንድ ላይ ነበር። ጤነኛም ሆነ በሽተኛ፣ አንድ ገንዳ ሲወጣ ለሌሎቹ የሚደርሰው ይጨምራል፤ ይህን ሶሊያና ታውቃለች፣ ሌላው ግን መርፌውን ብቻ ነው የሚያየው። «ይኸው፣ ሌባው ተገኘ» አለ ማክቤል። ሰዉ «እጅሽ ይባረክ» እያለ ተበተነ። ባሮክ ብቻ ትንሽ ቆየ።

«አሳዘነችኝ» አለ። «ሁለት ዙር ይዛ።»

«እኔም አዝኛለሁ» አለች ሶሊያና። ያን ቀን ከተናገረችው ሁሉ ትልቁ ውሸት እሱ ነው፤ የቴስተሩን ቁጥር እንኳ እንዲህ አድርጋ አልዋሸችም።

እፎይ እንደምትል አስባ ነበር፤ እፎይታው ግን አልመጣም። ትርንጎ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው በበሩ ብቅ ትላለች፤ ገንዳዋ ባዶ ሆኖ ሳለ «መርፌው እንዴት አደረ?» ትላለች፤ ሶሊያና መልሱን እንደ ድንጋይ ነው ከአፏ የምታወጣው። ሰዉ ደግሞ ያዘነላት ትርንጎን ነው። አንዷ እህል ላከችላት፣ አንዱ ጣራዋን ጠገነላት። ለሶሊያና በአሥራ ስድስት ዓመት ጣራ የጠገነላት የለም፤ ጣራዋ አፍስሶ ባያውቅም ይህን አስባ ተቃጠለች።

አንድ ነገር ግን አጽናናት። የራሷ ቅጠል በየቀኑ እያማረ ሄደ። በስምንተኛው ቀን ማብረቅ ጀመረ፤ በአሥራ ሁለተኛው የሳሎኑ መስኮት ቁልጭ ብሎ ታየበት። አንድም ጉጥ የለውም። ሙሉ ሲኒው ልክ ነበር ማለት ነው፤ ልጅቱ ልኩን ደብቃት ነበር ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ደጋግማ አሰበችው፤ በደጋገመችው ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየቀለላት ሄደ። ባሮክን ጎትታ ገንዳው ጋ አቆመችው።

«ፊትህን እይበት» አለችው።

ባሮክ ጎንበስ ብሎ አየ። «ያሳያል» አለ። ጢሙ አድጓል፤ ጉንጩን ዳበስ እንኳ አላደረገም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ዘጠኙ ቅጠል በጋሪ ተጭኖ ሚዛን ቤት ገባ። በልማዱ ሰንሰለቱ በሙሉ ከጋሪው ኋላ ይሄዳል፤ የተዘለለም ቤት አይቀርም። ትርንጎ ከኋላ መጣች። መርማሪው ተድባበ የሚባል ወጣት ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ የገባባቸው፣ ሳያስፈልገው የማይናገር። አንድ በአንድ መዘነ። «ሳስቷል» አለ፤ «ግን ለጥቂት አልፏል። አትጨልሙም።» ሰዉ ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ የቅጠሎቹን ፊት ማየት ጀመረ። የሶሊያናን ከጨርቁ ሲፈታው ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ተወረወረ። ከኋላ «ውይ» ያለ ሰው ነበር። ሶሊያና አንገቷን ቀና አደረገች። ለዚች ቅጽበት ብላ ያደረገችው ሁሉ ልክ መስሎ ታያት።

ተድባበ እንደ ሁልጊዜው የቅጠሉን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ያዘና አጠፈው። ደህና መዳብ እንደ ቆዳ ይታጠፋል። የሶሊያና ቅጠል ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቁራጩ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ተድባበ ቁራጩን አንሥቶ የተሰበረውን ጠርዝ አየ፣ አሸተተውም። «ሙጫ አድርገውበታል እትዬ?»

ሶሊያና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

«ሙጫ ደግ ነው፤ ሲበዛ ግን እንዲህ ነው። ያበራል፣ ይሰበራል። ሽቦ አይወጣውም።» ወደ ሰዉ ዞረ። «ሙጫ የበዛበት ገንዳ ኮረንቲም ይበላል። በዚህ ዙር ለምን እንደ ሳሳችሁ አሁን ገባኝ። የታመመው ገንዳ የሳቸው ነው።»

ከዚያ ማክቤል፣ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው ማክቤል፣ «ታዲያ የዘለልነው ትርንጎን አይደለም እንዴ? ሰባት ስምንት የተባለችው እሷ አይደለችም?» አለ። ዓይን ሁሉ ወደ ሶሊያና ዞረ። ባሮክ ግን ወደ መሬት አየ፤ ሶሊያናን ከሁሉ በላይ የወጋት እሱ ነው። ቴስተሩ አርጅቷል ልትል አሰበች፤ ዓይኔ ደክሟል ልትል አሰበች፤ ሁለቱም ያስኬዱ ነበር።

ትርንጎ ከኋላ ወደ ፊት መጣች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሙጫውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ልኩን ስነግራቸው አሳስቻቸው ይሆናል። የኔም ገንዳ ያን ሰሞን ደህና አልነበረም፣ ቴስተሩ ያለው ልክ ነው። እሳቸው ምንም አላጠፉም።»

ይህን ስትል ሶሊያናን አየቻት። ትርንጎ ያን ቀን የቴስተሩን ቁጥር አይታው ነበር ማለት ነው። ፊቷ ላይ ቂም የለም፤ ሶሊያና አጥብቃ ፈለገች፣ አጣች። ከኋላ አንዷ ሴት በለሆሳስ «እንዴት ያለች ልጅ ናት» አለች፤ ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። ባሮክ ቀና ብሎ ትርንጎን ተመለከተ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። አርባ ዓመት አብራው ኖራ እንዲህ አድርጎ ያያትን ቀን ሶሊያና ልታስታውስ ሞከረች።

ዝም ብትል ሁሉም ነገር ያልቃል። ሳጥኑ ዳንቴሉ ላይ ይቀራል፣ ነገም «መርፌው?» ይባላል፤ እሷም «አሥራ ሁለት» ትላለች። የሚያስፈልገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ግን ደሟ ፈላ። ይቺ ልጅ የቅጠሉን ፊት ወሰደች፤ የሰፈሩን አፍ ወሰደች፤ የባሏን ጢም ወሰደች። አሁን ደግሞ በሁሉ ፊት ቆማ ይቅር ባይ ልትሆን ነው። የሶሊያናን ጥፋት ተሸክማ፣ በሱም አምራ ልትታይ ነው። ይሄን ጥፋቴን እንኳ አትወስድብኝም አለች በልቧ። የቀረኝ እሱ ነው።

«ትዋሻለች» አለች ሶሊያና። «የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች ነው ያለችኝ። ልኩን ነግራኛለች። ሲኒ ሙሉ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ። የገንዳዋም ቁጥር ሁለት ስምንት ነበር። ሰባት ስምንት ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ምንም።»

«እትዬ፣ ይተዉ» አለች ትርንጎ።

«አልተውም። የራሴ ነው።»

ተድባበ መዝገቡን ገልጦ ብዕሩን አነሣ። የተሰበረ ቅጠል ሲገኝ፣ ያጠፋው ሰው ስም መጻፍ አለበት፤ ሰንሰለቱም ሳጥኑን ከዚያ ሰው ቤት ያነሣል። «የማንን ስም ልጻፍ?» አለ።

ትርንጎ አፏን ከፈተች።

«የኔን» አለች ሶሊያና፣ ቀድማት።